ዱላ፦ ከምጥ ክፍሉ በር ውጭ ያስቀረናት ሴት

በአማርኛ «ዱላ» ስንል ሁላችንም የምናስበው እንጨቱን ነው። እረኛ የሚይዘውን፣ ሽማግሌ የሚደገፈውን፣ ጠበኛ የሚያነሳውን። አሁን አሁን ግን ቃሉ ሌላ ትርጉም ይዞ እየመጣ ነው። ስለ እርግዝናና ስለ ወሊድ በስልካቸው የሚያነቡ ሴቶች «ዱላ» የምትባል ሴት እንዳለች ያውቃሉ። ምጥ የያዛትን እናት ከጎኗ ሳትለይ የምትደግፍ፣ ወገቧን የምታሽ፣ ውኃ የምታቀምስ፣ «አይዞሽ፣ ደርሰሻል» የምትል፣ ሐኪምም አዋላጅም ያልሆነች ሴት ናት።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ደግሞ ፈረንጅ ምን አመጣ!» ይላል። አንዳንዱ የሀብታም ቅንጦት ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ይህች ሴት ለእኛ አዲስ አይደለችም። በአዳማም፣ በሞጆም፣ በመቂም፣ በባቱም፣ በሻሸመኔም የተወለዱ አያቶቻችንና እናቶቻችን ሁሉ ወደዚህ ዓለም ሲመጡ እሷ እዚያ ነበረች። ከምጥ ክፍሉ ያስወጣናት እኛ ነን፤ ያውም ማንም ቁጭ ብሎ ሳይወስን። ዛሬ የምጽፈው እንዴት እንደወጣችና ለምን መመለስ እንዳለባት ነው።

◆ ቃሉ ከየት መጣ?

ቃሉ የግሪክ ነው። የጥንት ትርጉሙ ሴት አገልጋይ፣ ገረድ ማለት ነው። ዛሬ በሚታወቅበት ትርጉም ወደ ዓለም ያስገባችው አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ዳና ራፋኤል ናት። እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ጡት ማጥባት ባሳተመችው መጽሐፍ፣ አራስን የምትከባከብና የምታበረታታ ልምድ ያላት ሴት በብዙ ሕዝቦች ዘንድ እንዳለች ጽፋ «ዱላ» አለቻት።

ለምን ስም ማውጣት አስፈለጋት? በእሷ አገር ሴትየዋ ስለጠፋች ነው። በአሜሪካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወሊድ ከቤት ወደ ሆስፒታል ጠቅልሎ ገብቶ ነበር። እናት ብቻዋን ትገባለች፣ በመድኃኒት ትደነዝዛለች፣ ባል ውጭ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የአገሪቱ የሴቶች መጽሔት በማዋለጃ ክፍሎች ስለሚፈጸም ጭካኔ የእናቶችን ደብዳቤ ማተም ጀመረ። ሰው ያለውን ነገር ስም አያወጣለትም፤ ሲያጣው ነው የሚፈልገው። እኛም አሁን ቃሉን መበደር የጀመርነው በተመሳሳይ ምክንያት ይመስለኛል።

◆ በአንድ ምጥ ሁለት ሴቶች

የድሮውን የቤት ወሊድ በደንብ ካያችሁት፣ በአንድ ምጥ ላይ ቢያንስ ሁለት ዓይነት ሥራ ነበር። አንደኛዋ አዋላጇ ናት። ልጁን የምትቀበል፣ እትብት የምትቆርጥ፣ የእንግዴ ልጁን የምትጠብቅ። በኦሮምኛ «ዴሲስቱ» ትባላለች። ሁለተኛዋ ደግሞ ከኋላ ሆና ምጥ የያዛትን ሴት በደረቷ የምትደግፍ፣ እጇን የምታስጨብጥ፣ ላቧን የምትጠርግ ናት። ይህችኛዋ የተለየ ስም የላትም። እናቷ ልትሆን ትችላለች፣ አክስቷ፣ የባሏ እኅት፣ ወይም ጎረቤት። ስም ያልወጣላት ሥራዋ ስላልነበረ ሳይሆን ሁሉም ቤት ስለነበረ ነው።

በአማራው ቤት ወንዶች ይወጣሉ፤ ሴቶች ይገባሉ። «ማርያም ማርያም» እያሉ ይለምናሉ፤ ልጁ ሲወለድ እልልታው ይቀልጣል፤ የገንፎው ውኃ አስቀድሞ ተጥዷል። ከዚያ በኋላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የማይላት ሰው የለም። የሰላምታውን ትርጉም ልብ በሉ፤ ከሞት አፋፍ ተመለስሽ ማለት ነው። የምጥን አደጋ የማያውቅ ሕዝብ እንዲህ ዓይነት ሰላምታ አይፈጥርም።

በኦሮሞው ቤትም ሴቶች «ማራም»ን ይጠሩ ነበር፤ በአርሲ ሙስሊም የሆኑት እናቶችም ጭምር። ከወሊድ በኋላ ማርቃው፣ ማለት ገንፎው፣ በቅቤ ይቀርባል። በአርሲ ኦሮሞ ባህል ነፍሰ ጡርና አራስ «ወዩ» ናት፤ የተከበረች፣ የማትነካ ማለት ነው። አራሷ ግንባሯ ላይ «ቀነፋ» የሚባል ምልክት ታስራለች። ቀነፋ ያሰረችን ሴት የሰደበ ወይም የመታ ባል የገጠመው የሚስቱን ዘመዶች ብቻ አልነበረም፤ የመንደሩ ሴቶች በሙሉ ሲንቄያቸውን፣ ማለትም ሲዳሩ እናታቸው የምትሰጣቸውን ቀጭን በትር፣ ይዘው ይወጡበታል። ካሳ ሳይከፍልና ይቅርታ ሳይጠይቅ አይመለሱም። እንግዲህ የወለደችን ሴት ክብር የሚያስከብር ሕግም፣ አስፈጻሚም ነበረን ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ያለፈውን ለማሳመር አይደለም። በዚያው ቤት ውስጥ ንጹሕ ባልሆነ ምላጭ እትብት ተቆርጧል፣ ሆድ ያለ አግባብ ታሽቷል፣ ደም ሲፈስ «ይውጣላት» ተብሎ ታይቷል። ወደዚያ እመጣለሁ።

◆ አዳማ፦ እናት ሩቅ የሆነባት ከተማ

አዳማ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ በመንገዱ ላይ ያሉትን ጣቢያዎች ከተማ አደረጋቸው። አፄ ኃይለ ሥላሴ «ናዝሬት» ብለው የሰየሟት ይህች ከተማ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚኖርባት ሆነች። ቀጥሎ የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ጀመረ፤ ከከምባታና ከሐዲያ የመጡ ሠራተኞች አገዳ ይቆርጡ ጀመር።

ይህ ለጉዳያችን ለምን ይጠቅማል? በገጠር ሴት ልጅ ለመጀመሪያ ልጇ እናቷ ቤት ሄዳ ትወልዳለች፤ ወይም እናቷ ትመጣላታለች። ከወንጂ ካምፕ ወይም ከባቡር ጣቢያው ሰፈር ከምባታ ድረስ ግን ሩቅ ነው። ስለዚህ ከተማው የራሱን መላ ፈጠረ፤ ጎረቤት እናት ሆነች። ቡና የሚያጣጡት፣ እድር ያላቸው፣ በአንድ ግቢ የተከራዩ ሴቶች በቋንቋም በሃይማኖትም ሳይመሳሰሉ በአንድ ምጥ ላይ ይገናኙ ነበር። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ያደገ ሰው «እትዬ እገሌ ናት ያዋለደችኝ» ወይም «እማማ እገሌ እናቴን ይዛት ነበር» ሲባል ያልሰማ ጥቂት ነው። እነዚህ ሴቶች ብዙ ጊዜ ዘመድ አልነበሩም። ዛሬ በሠለጠነው ዓለም «የማኅበረሰብ ዱላ» ተብሎ ፕሮጀክት የሚጻፍለት ነገር ይኸው ነው።

ዘመናዊ ሕክምናም ወደ አዳማ በጊዜ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1946 የአሜሪካ ሜኖናይት ሚሲዮናውያን በከተማዋ ሆስፒታል ከፈቱ፤ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም ተሰየመ። ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ የምንለው ነው። ሚሲዮናውያኑ ድሬሰሮችን አሠለጠኑ፤ ድሬሰሮቹም በየከተማው ክሊኒክና መድኃኒት ቤት ከፈቱ። ሆኖም ወሊድ ለረጅም ጊዜ ከቤት አልወጣም። ሆስፒታል የሚኬደው ነገር ሲበላሽ ነበር።

◆ ፍቅር ብቻውን አያድንም

አሁን ወደ መራራው ክፍል እንግባ። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን በታወቀው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ የተመረቀች ሴት ነበረች። ወደ አገሯ ተመልሳ አግብታ፣ ነቀምት ሳለች ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም አረፈች። ነርስ፣ የንጉሥ ልጅ፣ በሰው የተከበበች። ግን በዚያን ጊዜ በነቀምት ሊያድናት የሚችል አገልግሎት አልነበረም። በስሟ በአዲስ አበባ ሆስፒታል ተሠራላት፤ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው።

ወደዚያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1959 ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች መጡ። የመጡት ለፊስቱላ አልነበረም፤ የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለመክፈት ነበር። ትምህርት ቤቱ ጥቂት አዋላጆችን አስመርቆ ተዘጋ። በሩ ላይ ያገኟቸው ሴቶች ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዟቸው፤ ለቀናት አምጠው፣ ልጃቸውን አጥተው፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር ያልቻሉ ወጣት ሴቶች።

እነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ያማጡት ብቻቸውን አልነበረም። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ሲያምጡ እናታቸው አጠገባቸው ነበረች፤ ጎረቤት «ማርያም ማርያም» እያለ ነበር። ፍቅር አልጎደላቸውም። የጎደለው ጠባብ ዳሌ ሲያጋጥም የሚቀድ ሐኪም፣ ደም ሲፈስ የሚያቆም መድኃኒት፣ በሰዓቱ የሚደርስ መኪና ነው። ስለዚህ «ድሮ በቤታችን ስንወልድ ይሻል ነበር» የሚል ሰው ካለ፣ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ታሪክ ያንብብ። ይህን መርሳት አንችልም።

ግን ከዚያው ሆስፒታል ሌላም ትምህርት አለ። የዳኑት ሴቶች ብዙዎቹ እዚያው ቀርተው አዲስ የመጡትን ማስታመም ጀመሩ። ማሚቱ ጋሼ ከነዚህ አንዷ ናት። ታካሚ ሆና ገባች፣ አልጋ ማንጠፍ ጀመረች፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል ረዳች፣ በመጨረሻም ራሷ በዓለም የታወቀች ፊስቱላ ቀዳጅ ሆነች። ሕመሙን የምታውቅ ሴት አጠገብ ስትቀመጥ ለታማሚዋ ምን እንደሚሆንላት ያ ሆስፒታል ከብዙዎች ቀድሞ ገብቶታል። ሙያና አጋርነት አንድ ቤት ውስጥ ሊኖሩ እንደሚችሉ ማስረጃው እዚሁ አገር ነበር።

◆ ታላቁ ጉዞ ወደ ጤና ጣቢያ

በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1978 የአልማ አታ ጉባኤ በኋላ፣ መንግሥት የልምድ አዋላጆችን ማሠልጠን ጀመረ። ሐሳቡ ቀና ነበር፤ እጅ መታጠብ፣ ንጹሕ ምላጭ፣ አደጋ ሲታይ መላክ። ችግሩ የእናቶች ዋና ገዳዮች፣ ማለት የደም መፍሰስ፣ የታገተ ምጥ፣ የደም ግፊት፣ ኢንፌክሽን፣ በሥልጠናና በሣጥን ብቻ የሚመለሱ አለመሆናቸው ነው። ዓለም አቀፉ ፖሊሲ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «እያንዳንዱ ወሊድ በሠለጠነ ባለሙያ» ወደሚለው ዞረ። እኛም ተከተልን።

ቁጥሮቹን እዩ። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ መሠረት በጤና ተቋም የሚወለዱ ሕፃናት በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 5 ነበሩ። በ1997ም 5። በ2003 ዓ.ም. 10፣ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሱ። ከ100 ሺህ በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱ እናቶች በ1992ቱ ጥናት 871፣ በ2008ቱ 412 ሆኑ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አምቡላንሶቹ፣ የነፃ ወሊድ አገልግሎቱ ውጤት ነው። የልምድ አዋላጆችም «ከእንግዲህ አታዋልዱ፣ እናቶችን ይዛችሁ ኑ» ተባሉ። ትክክል ነበር።

ነገር ግን አንድ ቁጥር ልጨምር። በ2003 ዓ.ም. ጥናት በሠለጠነ ባለሙያ የወለዱት ከመቶ 10፣ በልምድ አዋላጅ 28 ሲሆኑ፣ 57 የሚሆኑት ግን የወለዱት በዘመድ ወይም በሌላ ሰው እጅ ነው። ተቋም ያልሄዱት እናቶች ለምን ተብለው ሲጠየቁ አብዛኞቹ «አያስፈልግም» አሉ፤ ከአሥሩ ሦስቱ ያህል ደግሞ «ልማዳችን አይደለም» አሉ። ርቀትን ምክንያት ያደረጉት ከሁለቱም ያነሱ ነበሩ። እነዚህ እናቶች የነገሩን ስለ መንገድ ብቻ አይደለም። በዚያ ቤት የማላገኘው ነገር አለ እያሉን ነበር።

መንግሥትም በከፊል ገብቶት ነበር። በየጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ተሠራ፣ ገንፎ መገንፋት ተጀመረ፣ ቡና ተፈላ። የማቆያ ሐሳብ በጉራጌ በአጣጥ ሆስፒታል ቀደም ብሎ የተሞከረ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 በአጣጥ ከወለዱ 24,148 እናቶች 6,805ቱ በማቆያው ያለፉ ነበሩ፤ ከነዚህ መካከል የነበረው ሞት በቀጥታ ከመጡት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነበር። በቀጥታ የመጡት ብዙዎቹ ችግር ከገጠማቸው በኋላ የመጡ በመሆናቸው ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ሥራ ነው አይባልም። ቢሆንም ተቋሙ የቤቱን ጠባይ ሲይዝ እናት ቀድማ እንደምትመጣ ያሳያል።

◆ በሩ ላይ የቀረችው

እንግዲህ ገንፎው ገባ፤ ቡናው ገባ። ሴትየዋ ግን አልገባችም።

በብዙ ተቋማት የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። እናት፣ እኅት፣ ባል፣ ጎረቤት፣ ፔርሙዝና የገንፎ ሣህን ይዘው እስከ ማዋለጃው በር ይመጣሉ። ከዚያ «እዚህ ጋ ጠብቁ» ይባላሉ። በሩ ይዘጋል። ውስጥ ያለችው ሴት በሕይወቷ እጅግ ከባዱን ሰዓት የምታሳልፈው ስማቸውን ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ነው። አዋላጇ ነርስ ክፉ ሆና አይደለም፤ በአንድ ፈረቃ ብዙ እናቶች አሉባት። የአንዷን እጅ ይዛ ልትቀመጥ አትችልም። አንዷ ስትጮህ ወደ ሌላዋ ትሮጣለች። ሲደክማት ትቆጣለች። «ስትፀንሺ አልጮህሽም» የምትለዋን መራራ ንግግር ያልሰማ ማን አለ?

በአዲስ አበባ አንድ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያዎች ውስጥ 173 እናቶችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ከመቶ 78 በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ዓይነት ክብር የሚነካ አያያዝ እንደገጠማቸው አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2014፣ በዓለም ዙሪያ በማዋለጃ ክፍሎች የሚደርሰውን ማዋረድና ማንገላታት የሚያወግዝ መግለጫ አውጥቶ ነበር። የእኛም ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. በጀመረው የለውጥ ዕቅዱ «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ዋና አጀንዳ አድርጎታል። ችግሩ እንዳለ ማንም አይክድም ማለት ነው።

ስህተቱ የት ጋ ነበር? ሁለቱን ሴቶች አንድ አድርገን ማየታችን ላይ ነው። የልምድ አዋላጇን ከማዋለድ ስናስቆም፣ እጅ የምትይዘዋንም አብረን አስወጣናት። የመጀመሪያዋን በተሻለ ሰው ተካናት፤ ሚድዋይፍ ሰጠናት። ሁለተኛዋን ግን በማንም አልተካናትም። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንደሚባለው፣ ትናንት የመጣ አሠራር ሺህ ዓመት ምጥ የያዙ እናቶችን «አያገባችሁም» አላቸው።

◆ ጥናቱ ምን አለ?

የሚያስገርመው፣ እኛ በሩን ስንዘጋ ሌላው ዓለም በማስረጃ እየከፈተው ነበር። ማርሻል ክላውስና ጆን ኬኔል የተባሉ የሕፃናት ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር በጓቲማላ ሲቲ፣ በተጨናነቀና ቤተሰብ በማይገባበት የመንግሥት ሆስፒታል ሙከራ አደረጉ። አንዳንዶቹን እናቶች እንደተለመደው ብቻቸውን ተዋቸው፤ ለሌሎቹ ደግሞ የማያውቋትን፣ ሕክምና ያልተማረች ተራ ሴት አጠገባቸው አስቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመው ውጤት፣ ችግር ሳይገጥማቸው ከወለዱት መካከል ብቻቸውን የነበሩት ሆስፒታል ከገቡ እስኪወልዱ በአማካይ 19.3 ሰዓት ሲፈጅባቸው፣ አጋር ያገኙት 8.8 ሰዓት ብቻ እንደፈጀባቸው አሳየ። ቁጥራቸው ትንሽ ስለነበር ሰው ተጠራጠረ።

እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ሂዩስተን ከ400 በሚበልጡ እናቶች ላይ የተደረገው ጥናት ታተመ። ይህኛው ሦስት ቡድን ነበረው፤ አጋር ያላቸው፣ ምንም የሌላቸው፣ ሦስተኛው ደግሞ አንዲት ሴት ጥግ ላይ ዝም ብላ ተቀምጣ ማስታወሻ የምትይዝላቸው። በቀዶ ጥገና የወለዱት ምንም ከሌላቸው ከመቶ 18፣ ዝም ብላ የምታይ ሴት ከነበረቻቸው 13፣ አጋር ከነበራቸው 8 ነበሩ። አንድም ቃል ያልተናገረች ሴት እንኳ በክፍሉ ውስጥ በመኖሯ ብቻ ለውጥ አምጥታለች። ይህን ስታነቡ የአያቶቻችን ቤት ውስጥ ጥግ ይዘው የተቀመጡት ባልቴቶች ትዝ አይሏችሁም?

ከዚያ በኋላ ጥናቱ በብዙ አገሮች ተደገመ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ከ17 አገሮች ከ15,000 በላይ ሴቶችን የያዙ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ፣ ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙ እናቶች በራሳቸው ምጥ የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ፣ በቀዶ ጥገና የመውለዳቸው መጠን በሩብ ያህል ዝቅ ያለ፣ ምጣቸው በአማካይ 40 ደቂቃ ያህል ያጠረ፣ በወሊዳቸው የሚያዝኑትም ያነሱ ሆነው ተገኙ። ጉዳት አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ እናት ራሷ የመረጠችው አጋር ከጎኗ እንዲኖር መክሯል።

ምሥጢሩ ከባድ አይደለም። ፍርሃት ሲበዛ ሰውነት አድሬናሊን ያመነጫል፤ ይህ ደግሞ ማሕፀንን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን ይቃወማል። የተረጋጋች ሴት ምጧ ይፋፋማል። አጋር ያላት ተነሥታ ትራመዳለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ ጎኗን ትለውጣለች። ደም በዝቶ ሲፈስ አይቶ ነርስ የሚጠራ ሰው አላት። ልጁ ሲወለድ ደረቷ ላይ እንዲቀመጥና ቶሎ እንዲጠባ የሚረዳ ሰው አላት። አጋር ማሕፀን አትመረምርም፣ መድኃኒት አትሰጥም፣ የሐኪምን ውሳኔ አትሽርም። ሥራዋ አለመለየት ነው።

◆ «ግን እኮ…»

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ አብዛኞቹም ከእውነት የተነሡ ናቸው።

«ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሌሎች እናቶች ራቁታቸውን ናቸው።» እውነት ነው። መፍትሔው ግን መጋረጃ ነው። መጋረጃው ደግሞ አጋር ባይኖርም ያስፈልግ ነበር።

«ዘመድ ሲገባ ይጮሃል፣ ያምሳል፣ ነርስ ይሳደባል።» አሥር ሰው ከገባ አዎ። አንድ፣ እናቲቱ የመረጠቻት ሰው ስትሆንና ምን ማድረግ እንዳለባት አስቀድሞ ሲነገራት ግን ሥራ ታቀላለች እንጂ አታበዛም።

«ኢንፌክሽን ታመጣለች።» እጇን ትታጠብ፣ ጋውን ትልበስ። ተማሪ ሐኪሞች በብዛት በሚገቡበት ክፍል የአንዲት እናት መግባት ብቻ ለምን ያስፈራናል?

«ባህላዊ መድኃኒት ደብቃ ታጠጣታለች፤ 'ቀዶ ጥገና እንዳትስማሚ' ትላታለች።» ይህ በእርግጥ ያጋጥማል። ነገር ግን በር ላይ የቀረች እናት ፍርሃቷ አይጠፋም፤ ይብሳል። ምን እየተደረገ እንደሆነ ያየች፣ የተነገራት ሰው ግን ለሐኪሙ አስረጂ ትሆናለች። በተለይ እናቲቱና ባለሙያዋ በአንድ ቋንቋ በማይግባቡበት ጊዜ።

◆ ዛሬ የምጥ ብቸኝነት የበዛባቸው

ጉዳዩ ዛሬ ከድሮው ይልቅ የሚያስቸኩለው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ወንጂ ያኔ ሰው እንደሰበሰበች ሁሉ፣ ዛሬ የባቱና የቢሾፍቱ አካባቢ የአበባ እርሻዎች፣ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ዱከም ያሉት ፋብሪካዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን ከገጠር አምጥተዋል። በአንድ ክፍል ለሦስት፣ ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። ጎረቤታቸውም ፈረቃ የሚገባ ሠራተኛ ነው። የድሮዋ «እትዬ» በግቢው የለችም። እናታቸው ሩቅ ናት። የቤት ሠራተኞችን፣ በግጭት ተፈናቅለው የመጡትን፣ ባል የሌላቸውን ጨምሩበት። ለነዚህ ሴቶች በሩ ቢከፈትም እንኳ አብሯቸው የሚገባ ላይኖር ይችላል።

እዚህ ላይ ነው «ዱላ» የሚለው አዲስ ቃል በእውነት የሚጠቅመን። ገንዘብ ያላት ሴት በክፍያ ብትቀጥር መብቷ ነው። ግን ነገሩ በዚያ ከቀረ ታሪካችንን ሸጠን መልሰን ገዛን ማለት ነው። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። በየቀበሌው አሁንም በሕይወት ያሉ የቀድሞ የልምድ አዋላጆች አሉ። «አታዋልዱ» ብለናቸዋል፤ «አጋር ሁኑ» አላልናቸውም። የነፍሰ ጡሮች መድረክ በየጤና ጣቢያው አለ፤ እዚያ ላይ እያንዳንዷ እናት አጋሯን ይዛ እንድትመጣና ሁለቱም አብረው እንዲማሩ ማድረግ ብዙ ወጪ የለውም። አጋር ለሌላት ደግሞ ጤና ጣቢያው ከነዚያ እናቶች አንዷን ይጥራላት፤ ለድካሟም የትራንስፖርትና የምሳ ይክፈላት። እድሮቻችን ለቀብር ድንኳን እንደሚያዋጡ ለወሊድም አንድ ሰው ቢመድቡ ምን ይጎዳል? ለሞት የምንሰበሰበውን ያህል ለልደት እንሰብሰብ።

ለሆስፒታል ኃላፊዎች የምለው አጭር ነው። አንድ መጋረጃ፣ አንድ ወንበር፣ በር ላይ የሚለጠፍ አንድ ደንብ፦ «እያንዳንዷ እናት የመረጠቻትን አንዲት አጋር ይዛ መግባት ትችላለች።»

ለባሎች ደግሞ፦ ሚስትህ ስትመዘገብ «አጋር ይገባል ወይ?» ብለህ አስቀድመህ ጠይቅ። እሷ አንተን ከመረጠች ግባ። እናቷን ወይም ጓደኛዋን ከመረጠች አትከፋ፤ ምርጫው የሷ ነው።

ለእርጉዝ እኅቶቻችን፦ ተቋም መውለድን በፍጹም አትተዉ። ነገር ግን ብቻችሁን አትግቡ፤ ለመግባት የምትፈልጉትን ሰው ከአሁኑ ምረጡ፣ ንገሩትም። ማርያም በሽልም ታውጣችሁ፣ አላህ ያግራላችሁ።

እናንተ የወለዳችሁበት ቦታ ላይ አጋር ይገባ ነበር? በአዳማ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ፣ በአሰላ ያላችሁ ልምዳችሁን ጻፉልን። የሆስፒታሉን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ማን እጃችሁን እንደያዘ ብቻ ንገሩን።